የአያ ሰይድ ቡናማ ጫማ

ልጄ ሰሚራ ለጉልበትህ ይጠቅማል ብላ የገዛችልኝ የዓሣ ዘይት እንክብል ኪሴ ውስጥ ፈነዳ። ያን ጊዜ ጀልባዬ ውስጥ ነበርኩ። የወለሉን ሳንቃ አንስቼ፣ በሆዴ ተኝቼ ፓምፑን እፈትሻለሁ። ሽታው ከየት እንደመጣ መጀመሪያ አላወቅኩም። ከሥሬ የሞተር ዘይትና ጨዋማ ውሃ ይሸታል፤ ከላዬ የረጠበ ሸራ ይሸታል፤ በመሀል ግን ወፍራምና ከረር ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ሌላ ሽታ መጣ። ቀና ስል ራሴን ከጣሪያው ጋር አጋጨሁት። ሱሪዬን ሳየው ነገሩ ገባኝ፤ ቢገባኝም ቶሎ አልተነሳሁም። የአሰብ ሽታ ነው። የአያ ሰይድ ሽታ ነው።

አስቀድሜ ስለ ጀልባዬ ልናገር። ኦክላንድ ውስጥ፣ በከተማውና በአላሚዳ መካከል ባለው ጠባብ ውሃ ላይ ታስራ የምትኖር፣ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ጎጆ ያላት ትንሽ ጀልባ ናት። ስገዛት ሞተሯ የሞተ፣ መስኮቷ የተሰበረ ነበር። ሻጩ ራሱ "ቢያንስ ዕቃ ታስቀምጥባታለህ" ብሎኛል። ሞተሩን ፈታሁት፤ ገጠምኩት፤ አልነሳ ሲል እንደገና ፈታሁት። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ዓመት ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ታክሲ ስነዳ ከተሳፋሪ ነው፤ ኤሌክትሪክ የተማርኩት ካቃጠልኩት ሽቦ ነው። ዛሬ በዚያ የጀልባ ማቆሚያ፣ በማሪናው ውስጥ፣ የፈረንጆቹ ሞተር ሲያስነጥስ የሚጠራው ኑሩ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም ብል ዋሸሁ፤ ለጉራ ነው። ጉራ ምን እንደሚጠቅም ወደፊት ታዩታላችሁ።

እዚህ አገር ክረምቱ እንደኛው ዝናብ ነው፤ ኦክላንድ ላይ ውሃን ወደ በረዶ የሚለውጥ ብርድ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጀልባውን ሸራ ጣል አድርጎበት ይሄዳል። ስህተት ነው። ጀልባን የሚገድላት ብርድ ብቻ አይደለም፤ እርጥበት ነው፣ ገመድ ነው፣ ጠያቂ ማጣት ነው። ሌላ ዓመት በየሳምንቱ እየሄድኩ አያት ነበር። ዘንድሮ ግን የቀኝ ጉልበቴ በቀዶ ሕክምና ሊቀየር ሆነ፤ ሐኪሙ እስከ ጸደይ ድረስ ጀልባ ላይ መውጣት አታስብ አለኝ። ጀልባዬ ብቻዋን፣ ውሃ ላይ፣ ክረምቱን ማለፍ አለባት።

ሰሚራ ሽጣት ትላለች። ነርስ ናት፤ ሳን ሊያንድሮ አብረን ነው የምንኖረው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፤ ስትናደድ ግን እንግሊዝኛዋ ይቀድማል።

"አባ፣ ጀስት ሴል ኢት። ብትሰጥም ማን ሊያወጣት ነው?"

"አትሰጥምም።"

"ሃው ዱ ዩ ኖው?"

እንዴት እንደማውቅ ለማስረዳት ከአያ ሰይድ መጀመር ነበረብኝ። እሷ ደግሞ ለሥራ ረፍዶባት ነበር። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ።

አያ ሰይድ አሰብ ላይ ጎረቤታችን ነበር። በንጉሡ ጊዜ ነው። አባቴ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ፣ ወደብ ላይ ጭነት ሊሸከም የወረደ ሰው ነው። ቤታችን የዕቃ ሳጥን ተፈልጦ፣ በላዩ ቆርቆሮ ተመቶ የተሠራ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የማናነባቸው የውጭ አገር ፊደሎች ነበሩበት። አያ ሰይድም የወሎ ሰው ነው፤ ግን የደጋው፣ ገብስ የሚበቅልበትና ውርጭ የሚያድርበት አገር ሰው። ባሕር ያየው ጢም ካወጣ በኋላ ነው። ዋና አይችልም። ውሃው ከጉልበቱ ሲያልፍ "ያ ረቢ!" ብሎ ይመለሳል። የአሰብ ባለጀልባዎች ጀልባቸውን የሚያስጠብቁት እንግዲህ ይህን ሰው ነው።

እላይ አገር ክረምት ሆኖ ደጋው በዝናብ ሲርስ አሰብ እሳት ይሆናል። አቅም ያለው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ጀልባው ግን አብሮት አይወጣም። ጎትቶ አሸዋ ላይ ቢተወው ፀሐዩ ሳንቃውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ሳንቃ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ውሃ ላይ ሲመለስ እንደ ወንፊት ያፈሳል። ስለዚህ ጀልባው ውሃው ላይ እንደታሰረ መክረም አለበት። አያ ሰይድ ያንን አዘጋጅቶ ይዘጋል፤ ባለቤቱ እስኪመለስም ይጠብቃል።

ሲመጣ ከሰላምታው በፊት ሽታው ይደርሳል። የሻርክ ጉበት በቆርቆሮ ጣሳ እያቀለጠ የሚያወጣው ዘይት ነበር፤ ሳንቃ ይቀባበታል። እጁን በአሸዋም፣ በሳሙናም፣ በሎሚም ቢያሸው አይለቅም። አጭር ሰው ነው፤ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ያገለድማል፣ የእንጨት መዶሻውን እንደ ጅራፍ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። ድምፁ ግን የአጭር ሰው አልነበረም። ዛሬ ምን እንደሠራ ሰፈሩ ሁሉ እራት ሳይበላ ያውቃል።

የሳንቃውን መጋጠሚያ የሚደፍነው በጥጥ ነው። የወደቡ ሰዎች ጥጡን እንዲሁ እየጎነጎኑ ይጠቀጥቁታል። አያ ሰይድ ግን የደጋ ሰው ነውና የተፈተለ ካልሆነ አይነካም፤ "ያልተፈተለ ጥጥ ምን ይይዛል? ውሃ እኮ ጣት አለው፣ እየመዘዘ ነው የሚያወጣው" ይላል። የሚያስፈትለውም እናቴን ነበር። ወፍራምና ላላ ያለ ፈትል ነው የሚፈልገው፤ ሲጠብቅ ዘይት አይጠጣም። እናቴ ዘይነብ በእጇ የታወቀች ፈታይ ናት፤ ወፍራም ፍተይ መባል እንደ ስድብ ነበር የሚሰማት።

"አያ ሰይድ፣ ይሄን ሰው ቢያይብኝ ምን ይለኛል? ለኩታ አይሆን፣ ለጋቢ አይሆን! የጀልባ ቂጥ መወተፊያ ፈታይ ሆንኩልህ?"

"እቴ ዘይነብ፣ ሌላዋ የፈተለችውን ባሏ ይለብሳል። አንቺ የፈተልሽውን ባሕር ነው የለበሰው። ማን ይበልጣል?"

"ባሕሩ ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብሎኝ አያውቅ!"

ትስቃለች፤ ትፈትልለታለች።

አሠራሩን ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ። የጀልባዋን ሆድ በጨርቅ እየመጠጠ ያደርቀዋል። ከዚያ ከቤቱ ምድጃ በወንፊት የነፋውን አመድ ስስ አድርጎ ይነዛበታል። ውሃ በየት በኩል እንደገባ አመዱ ላይ እንደ እባብ መንገድ ይታያል፤ መፈለግ የለም። ገመዱ ከእንጨት ጋር የሚፋተግበትን ቦታ በበሬ ቆዳ፣ አገሩ አልጋ በሚያያዝበት ጠፍር፣ ይጠመጥመዋል። ጎጆ ካላት ለነፋስ መውጫ በሩን በጣት ስፋት ከፍቶ ያስራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጫማውን ያወልቃል።

ያ ጫማ የታወቀ ነበር። ቡናማ ቆዳ፣ ጫፉ ሹል፣ ከአንድ የመናዊ ሱቅ የተገዛ፤ ለጁምዓ፣ ለሰርግና ጀልባ ለሚዘጋበት ቀን ብቻ ነበር የሚያደርገው። ጀልባ ሲዘጋ ያንን ጫማ ጀልባዋ ውስጥ አስቀምጦ፣ በጎማ በረባሶ ይወጣል። ባለቤቱ እስኪመለስ አያወጣውም። ከዚያ በቀጥታ ሻይ ቤት ሄዶ፣ ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ፣ "የእከሌን ጀልባ ዘግቻለሁ፤ አንዲት ማንኪያ ውሃ ብትገባባት ሰይድ አትበሉኝ!" ይላል።

አባቴ አንድ ቀን "ሰይድ፣ ሥራው ሳያልቅ ምን ያስፎክርሃል?" ብሎ ጠየቀው።

"ሰነፍ ስለሆንኩ ነው" አለ አያ ሰይድ፣ ሳያፍር። "ዝም ብዬ ብይዘው ፀሐዩ ሲበረታ ነገ አየዋለሁ እላለሁ። አሁን ግን አፌ ቀድሞ ሄዷል፤ ሥራዬ እሱን እንዳያሳፍር ይሮጣል። አፌ እንኳ ቢረሳ እግሬ አለልኝ። በረባሶውን ባየሁ ቁጥር ጫማህ የት ነው ይለኛል።"

አባቴ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም፤ ያዝኩት።

አንድ ክረምት ሐጂ ኡመር ጀልባቸውን ሰጡት። ሐጂ ኡመር ነጋዴ ነበሩ፤ ጀልባቸው ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ክፍት አልነበረችም፤ በላይዋ የእንጨት ጎጆ ነበራት። ሰፈሩም "ጎጆዋ" ነበር የሚላት። ሐጂ በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። አሸዋ ላይ ይጎትቷት እንጂ ውሃ ላይ አትቀርም አሉ። አያ ሰይድ ሞግቶ ረታቸው።

"ብትሰጥምብኝስ?" አሉት፣ ሻይ ቤቱ ሞልቶ ሳለ።

"ከሰጠመች አሰብ ላይ አያገኙኝም፣ ሐጂ። ጫማዬ ከሷ ጋር ይሰጥማል፤ እኔም በዚሁ በረባሶ ወደ ገብሴ እመለሳለሁ።"

ቀልድ አልነበረም። የሐጂ ኡመር ጀልባ ከሰጠመች ሌላ ጀልባ የሚሰጠው አይኖርም። ያን ልጅ ሆኜ እኔም አውቀው ነበር።

በመሀሉ ኢድ መጣ። አያ ሰይድ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ኮፍያውን አሳምሮ፣ ከታች በረባሶ አድርጎ ለሶላት መጣ። ሰው ሁሉ በቀልድ በላው።

"አያ ሰይድ፣ ሙሽራው ከላይ ነው እንዴ? ከታች ሚዜው ነው?"

"ጫማህ ባሕር ላይ እያሰገደ ነው አሉ!"

"ስቁ፣ ስቁ" ይል ነበር። "ሐጂ ሲመጡ የሚስቀው ጫማዬ ነው።"

እናቴ እንኳ "ለአንድ ቀን ብታወጣው አላህ አይቆጣህ" አለችው። አላወጣውም።

ከኢዱ በኋላ ነፋሱ መጣ። የአሰብን ነፋስ ለማያውቅ መንገር ያስቸግራል። አየሩ ቡናማ ይሆናል፤ አሸዋው ቆርቆሮውን እንደ ቆሎ ያንጣጣዋል፤ በጠራራ ቀን ፋኖስ እናበራለን። በር ከፍቶ የወጣ ሰው አልነበረም። አያ ሰይድ ከኛ ቤት ውስጥ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ በኩታው አፍንጫውን ሸፍኖ፣ በረባሶውን ያያል። እኔ ያን ሰው ዝም ብሎ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ትንሽ ረገብ ሲል ተነሳ።

"የት ልትሄድ ነው? ዋና አትችል!" አለች እናቴ።

"ልዋኝ አይደለም፣ ጫማዬን ልጠይቅ ነው" አለና ሄደ። ሲሄድ የተረፈውን ፈትል ከእጇ ወሰደ።

ከባሕሩ ዳር ቆመን አየነው። አንድ ዓሣ አጥማጅ በጠባብ ታንኳ አሳፈረው። አያ ሰይድ ታንኳዋን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ጎጆዋ ጎንበስ ቀና ስትል ትታያለች፤ አጠገቧ ታስራ የነበረች ሌላ ጀልባ ገመዷ ተበጥሶ ከድንጋዩ ላይ ወጥታለች። ወደ ጎጆዋ ገባ። ብዙ ቆየ። እናቴ "ኧረ በአላህ" ትላለች በየመሀሉ።

ውስጥ ያገኘውን ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሲተርክ ሰምቻለሁ። ገመዱ ላይ ያለው ጠፍር ግማሹ ተፍቆ አልቋል፤ ገመዱ ግን ከሥሩ ደህና ነው። አመዱ ላይ ከኋለኛው ጥግ የጀመረ ጥቁር መስመር ወደ መሀል ወርዷል። መስመሩን በጣቱ ተከትሎ መጋጠሚያውን አገኘው፤ የእናቴን ፈትል በዘይት ነክሮ በቢላ ጫፍ ጠቀጠቀው። ከዚያ በጣሳ ቀድቶ አፈሰሰ፣ አደረቀ፣ እንደገና አመድ ነዛ፤ አመዱ ነጭ እንደሆነ እስኪቆይም ተቀምጦ አየው። ጫማው ከመደርደሪያው ላይ ነበር። አልነካውም።

ሐጂ ኡመር ከደሴ ሲመለሱ ከማንም በፊት አያ ሰይድን ይዘው ወደ ጀልባዋ ሄዱ። እኛም ተከትለን ከዳር ቆምን፤ ውስጥ የሆነውን ኋላ የሰማነው ከሱ ነው። የወለሉን ሳንቃ ራሳቸው አነሱ። አመዱን በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አሹት፤ ደረቅ ነው። አላመሰገኑም፤ የሚያመሰግኑ ሰው አልነበሩም። ጫማውን አዩና፣

"ይሄ የማነው?" አሉ።

"የጠባቂው ነው።"

"ጠባቂው የት ነው?"

"በበረባሶ ቆሞ እያነጋገረዎት ነው።"

ሐጂ ሳቁ። አሰብ ውስጥ ያን ሳቅ የሰማ ጥቂት ነው። በዓመቱ ጎጆዋን ብቻ ሳይሆን የወንድማቸውንም ጀልባ ሰጡት።

ጫማው ግን ጨው ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ጠቦ ነበር። አያ ሰይድ በግድ እግሩን አስገባበት። ያን ጁምዓ ቀኑን ሙሉ፣ እያነከሰ፣ ከመስጊድ ሻይ ቤት፣ ከሻይ ቤት ወደብ በር ተመላለሰ፤ ያገኘውን ሁሉ እያቆመ ተረከ። ማታ እናቴ እግሩን በጨው ውሃ ዘፈዘፈችለት። "እንግዲህ ጫማህ ሳቀ?" አለችው። "ሳቀ እንጂ፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩ" አላት።

እኛ ከአሰብ የወጣነው አባቴ ወገቡን ሲታመም ነው። አያ ሰይድ እዚያው ቀረ። ኋላ አገሩ ሲለያይ፣ ሰው ሲበተን፣ የጠየቅኩት ሁሉ አያውቀውም። ወደ ገብሱ ተመልሶ ይሆናል፤ እዚያው አፈር ገብቶም ይሆናል። ፎቶ የለኝም። ድምፁን ግን ብሰማው ዛሬም አውቀዋለሁ፤ አንዳንዴ ከኔ አፍ ሲወጣ እሰማዋለሁና።

እንግዲህ ዘንድሮ ጀልባዬን እንዲህ ዘጋኋት። ታንኩን ነዳጅ ሞላሁት፤ ባዶ ታንክ ውስጡ ያልበዋል። ሞተሩን በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ብርድና ዝገት የሚከላከለውን ሮዝ ፈሳሽ፣ አንቲፍሪዙን፣ እስኪተፋ አስነሳሁት፤ ይህን የማደርገው ለብርዱ ሳይሆን ለዝገቱ ነው። ከባሕር ውሃ የሚያስገቡትን ቫልቮች አንድ በአንድ ዘጋሁ። ባትሪውን ሞላሁ፣ ፓምፑ በራሱ እንዲነሳና እንዲጠፋ ባልዲ ውሃ እያፈሰስኩ ሞከርኩት። ፍራሹን አውጥቼ መኪና ውስጥ ጫንኩ። ገመዱን ደረብኩ፤ በሚፋተግበት ቦታ ጠፍር ስለሌለኝ ያረጀ የእሳት አደጋ ቱቦ ቆርጬ አለበስኩት፤ ከጠፍር ይሻላል፣ አያ ሰይድም ቢያየው ያምን ነበር። ጀልባዬ መጋጠሚያ የሌላት ፋይበርግላስ ናትና ፈትል አያስፈልጋትም። ሆዷን ግን በፎጣ አደረቅኩና የሕፃን ፓውደር ነዛሁበት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሻይ ስንጠጣ ለጓደኞቼ ተናገርኩ። "ጀልባዬን ዘግቻለሁ። እስከ ጸደይ አንዲት ማንኪያ ውሃ ብትገባባት ኑሩ አትበሉኝ!"

ሙሳ፣ የድሮ የታክሲ ባልደረባዬ፣ "ከሰጠመች ዓሣው የጋራ ነው?" አለ።

"አጥንቱ ያንተ ነው" አልኩት።

ሰሚራ መኪናዋን ይዛ ማሪናው በር ላይ ስትጠብቀኝ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ወጣሁ።

"አባ፣ ጫማህን ረሳህ።"

"አልረሳሁም።"

"እየዘነበ ነው! ዋት ዱ ዩ ሚን አልረሳሁም?"

እስከ ሳን ሊያንድሮ ድረስ የአያ ሰይድን ታሪክ ነገርኳት። ፍሪዌዩ ተዘግቶ ስለነበር አልቸኮልኩም። ስጨርስ "ዛት ኢዝ ክሬዚ" አለች።

ጉልበቴ ተቀየረ። እግሬ ትራስ ላይ ሆኖ ዝናቡን በመስኮት አየው ጀመር። ከዚያ ያ የሚያባራ የማይመስል ዝናብ መጣ፤ ነፋሱም አብሮት። የጎረቤት አጥር ወደቀ። እኔ ወለሉ ላይ ነጠላ ጫማዬን አያለሁ። ሰሚራን ሂጂልኝ አላልኳትም፤ በሽተኛ ስታነሳ ውላ የምትመጣ ልጅ ናት።

ከሥራ መውጫዋ ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"አባ፣ ጀልባው ላይ ነኝ። ወለሉን እንዴት ነው የምከፍተው?"

ነገርኳት። ሳንቃው ሲነሳ ሰማሁ።

"ድራይ ነው" አለች። "ፓውደሩ ነጭ ነው። ገመዱም ደህና ነው፣ ያ ቱቦ ትንሽ ተፍቋል።"

"በሩን ነፋስ እንዲያስወጣ በጣት ስፋት ክፈቺና እሰሪው።"

"ኦኬ። ጫማህ ሻጋታ ጀምሮታል። ላምጣልህ?"

"ተዪው።"

ቤት ስትገባ ፀጉሯ ርሷል። እግሯን አየሁት፤ ለዳሽቦርድ ማጽጃ ከመኪናዋ የማትለየውን ፎጣ ጠምጥማበት፣ በሌጣ ካልሲ ነበረች። የሆስፒታሉ ነጭ ጫማዋ አልነበረም።

"ረጥቦብኝ ነው፣ እዚያው ተውኩት" አለች፣ ሳታየኝ። "ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ።"

በማግስቱ አልሄደችም። በሳምንቱ ሄደች። የወለሉን ሳንቃ አንስታ አይታ፣ በሩን በጣት ስፋት ትታ፣ ጫማዋን ሳታመጣ ተመለሰች።